ፏፏቴውን ያሳመረው ሰው

አንድ ናሁሰናይ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ሰው አያነሳም፤ ሠርግ አያነሳም፤ የመታወቂያ ፎቶ ፈልገው የመጡ ጎረቤቶቹን እንኳ «ሂዱና ሌላ ፈልጉ» ብሎ የሚመልስ ኩሩ ሰው ነበር። የሚያነሳው ፏፏቴ ብቻ ነው። ከፏፏቴዎችም ሁሉ አንዱን አብልጦ ይወድ ነበር፤ ከአገረ ገዥው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ከጥቁር ገደል ላይ የሚወረወረውን።

አነሳሱም እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው አንድ ጊዜ ተጭኖ ይሄዳል። እሱ ግን ካሜራውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያስርና የማቆሚያውን እግሮች በድንጋይ ያስደግፋል። ከዚያ ሌንሱን በጥቁር መስታወት ይጋርድና የካሜራውን ዓይን ከፍቶ ይተወዋል። መስታወቱ ብርሃኑን ስለሚቀንሰው ካሜራው ረጅም ጊዜ ተከፍቶ ቢቆይም ፎቶው አይበላሽም። በዚያ ሁሉ ጊዜ የወረደው ውሃ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ይታተማል። በመጨረሻ ውሃው ውሃ መሆኑ ይቀርና በደጋን የተነደፈ የጥጥ ባዘቶ ይመስላል።

ያምር ነበር፤ ይህን አልክድም። የምነግራችሁ የማልወደውን ሰው ታሪክ ቢሆንም፣ እጁ የተባረከ ነበር።

ከፏፏቴው ሥር አንድ መንደር አለ። የመንደሩ ሰዎች ከገደሉ ግርጌ ቦይ ቀድደው ጌሾ፣ ሸንኮራና ቃሪያ ያበቅሉ ነበር። እህላቸውንም በውሃ ወፍጮ ይፈጫሉ። ናሁሰናይ ለፎቶ ሲመጣ የሚያርፈው እትዬ የሻረግ ከሚባሉ ጌሾ ተካይ ቤት ነው። እትዬ የሻረግ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቃላቸውን የማያጥፉ፣ ትንሽም ግትር የሆኑ ሴት ናቸው። እግሩን አስታጥበው፣ ያላቸውን አቅርበው፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው ያስተኙታል። እሱም ጉርሻውን እያላመጠ «እትዬ፣ ውለታዎን አገርዎን ለዓለም አሳውቄ እመልሳለሁ» ይላቸዋል። እሳቸውም «እኔ አገሬን አውቃታለሁ፤ አንተ ይልቅ ብላ» ይሉታል።

የመጀመሪያውን ፎቶ አገረ ገዥው ሲያየው ልቡ ጠፋ። በትልቁ አሠርቶ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ፣ ከወንበሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ወደ ኋላ እየዘረጋ «እነሆ ግዛቴ» ይል ጀመር። ናሁሰናይንም አስጠርቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «ለሚመጣው ዓመት ከዚህ የተሻለ አምጣልኝ» አለው።

ይህች «የተሻለ» የምትባል ቃል ናሁሰናይን እንቅልፍ ነሳችው። የተሻለ መፈለግ ክፋት የለውም፤ ፎቶ አንሺም ሆነ ሸማኔ የተሻለ ሳይፈልግ ባለሙያ የሆነ ሰው አላውቅም። ክፋቱ ሁሉ ነገር እየባሰ ፎቶው ብቻ የሚሻሻል ጊዜ ነው።

በተከታዩ ዓመት ሲመጣ ውሃው ቀጥኖ አገኘው። ከገደሉ በላይ አንድ ባለጸጋ ከአገረ ገዥው ፈቃድ አግኝቶ ወንዙን ወደ ሰፊ እርሻው ጠልፎታል። ገደሉን ሞልቶ ይወርድ የነበረው ውሃ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ወዲያና ወዲህ የሚል ቀጭን ነገር ሆኗል። ናሁሰናይ ገደሉ ፊት ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። ማዘንስ አዘነ፤ ያዘነው ግን ለፎቶው ነበር።

ሲሞክር ውሎ አንድ ዘዴ አገኘ። ከበፊቱ የጠቆረ መስታወት ጋረደና የካሜራውን ዓይን ከበፊቱ ይልቅ አስረዝሞ ተወው። ነፋሱ ቀጭኑን ውሃ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሲገፋው ካሜራው ውሃው የነካውን ቦታ ሁሉ ያዘ። ፎቶው ሲወጣ ገደሉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሷል። ከአምናው ይልቅ ያምር ነበር። ናሁሰናይ ብቻውን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በደስታ ሳቀ።

ወደ ማረፊያው ሲመለስ እትዬ የሻረግ ደጃፋቸው ላይ ጌሾ ሲለቅሙ አገኛቸውና በካሜራው መስኮት አሳያቸው። ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«ይኼ የት ነው?»

«የእርስዎ ፏፏቴ ነዋ፣ እትዬ!»

«የመቼው?»

«የዛሬው።»

«ወግድ! የሌለ ውሃ ጨምረህበታል።»

«አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም። ካሜራው ተከፍቶ በቆየበት ጊዜ የወረደው ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።»

እትዬ የሻረግ ደግመው አዩት። ብልህ ስለሆኑ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «እህ! አንተ የወረደውን ሁሉ ባንድ ላይ ሰብስበህ ታሳያለህ። እንስራዬ ግን እንዳንተ ካሜራ አይደለችም። አንዷን ለመሙላት ከገደሉ ሥር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው የምውለው» አሉት።

«ጥበብ ነው እትዬ፤ ጥበብ እንዲህ ነው» አለ እየሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። የጌሾውን ሰፌድ ወደ ጎን አደረጉና እጁን ያዙት። «እንግዲያስ አንድ ነገር ልለምንህ ልጄ። ያን ጥቁር መስታወትህን አንሳና የእኔ ዓይን የሚያየውን አንሳልኝ። አንዲት ብቻ። ይዘናት ሄደን ለአገረ ገዥው እናሳያለን። የእኛን አፍ አያምኑም፤ ያንተን ፎቶ ያምናሉ። ውሃው ካልተለቀቀልን በሚመጣው በጋ እዚህ የሚኖር ሰው አይገኝም።»

ናሁሰናይ ደነገጠ። የተጠየቀው ነገር ቀላል ነበር፤ መስታወቱን አንስቶ አንዴ መጫን ብቻ። ያስደነገጠውም ይኸው ቅለቱ ነው። «እንዲህ ያለውንማ ማንም ጀማሪ ያነሳዋል እትዬ። በእኔ ስም ቢወጣ ሰው ምን ይለኛል? ደግሞም አዲሱ ፎቶ ለትልቅ ውድድር ሊላክ ነው። ውድድሩ ይለፍና ተመልሼ አነሳልዎታለሁ።»

«በጋውስ 'ይለፍ' ብሎ ይጠብቀናል?»

«ቃሌ ነው፣ እትዬ።»

እሳቸው ቃል የማይታጠፍበት ቤት ነው ያደጉት። አመኑት።

ፎቶው ውድድሩን አሸነፈ። አገረ ገዥው አሮጌውን አስወርዶ አዲሱን በቦታው አሰቀለ። ናሁሰናይ ግን ወደ መንደሩ አልተመለሰም። መጀመሪያ ግብዣ ነበረበት፤ ቀጥሎ ሌላ ግብዣ ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አፍሮ ቀረ። የመንደሩ ሰዎች እሱን ሲጠብቁ በጋው ገባ። ወፍጮው ቆመ። ጌሾው ከቅጠሉ ጀምሮ ደረቀ። ላሞቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ያድሩ ጀመር፤ የጠማት ላም ጩኸት የሰማ ሰው ያውቀዋል። በመጨረሻ መንደርተኛው ተሰብስቦ ራሱ ሄዶ አቤት ለማለት ተስማማ።

በዚያ አገር ሹም ደጅ ለአቤቱታ የሚሄድ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይሄዳል። እርጥብ ሣር የያዘን ሰው ሳይሰማ የሚመልስ ሹም ነውረኛ ይባላል። ደረቅ ሣር ማቅረብ ግን እርግማን ነው፤ «ቤትህ እንዲህ ይሁን» እንደ ማለት። ችግሩ በመንደሩ የቀረ እርጥብ ሣር አለመኖሩ ነበር። አንዳንዶች «ከወንዝ ማዶ ሰፈር ለምነን እንጨድ» አሉ።

እትዬ የሻረግ እምቢ አሉ። «ከሰው መሬት ያጨድኩትን ለምለም ይዤ 'መሬቴ ደረቀ' ልበል? እኛም እንደዚያ ፎቶ አንሺ ልንሆን ነው? መሬታችን የሰጠን ይኼ ነው፤ ይኼንኑ እናሳያቸው። ሲያዩት ይገባቸዋል።»

«እትዬ፣ እርግማን ይመስላል እኮ» ያላቸው ሰው ነበር።

«እውነት መቼ ነው እርግማን የሆነው?» አሉት። ትልቅ ሰው ናቸውና ተው ባይ ጠፋ። ጭድ የመሰለ ሣር በነጠላ ጠቅልለው ሄዱ። እውነት ብቻዋን ትበቃለች ብለው ነው። ሌላ ቦታ ትበቃ ይሆናል፤ ሹም ቤት ግን ወግ ያስፈልጋታል።

ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆመው ዋሉ። ወደ ማምሻው ላይ አስገቧቸው። አገረ ገዥው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከራሱ በላይ በግድግዳው ሙሉ ነጭ ውሃ ይወርዳል። እትዬ የሻረግ ከፊት ቀድመው ደረቁን ሣር በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

አገረ ገዥው ሣሩን አየ። ዞር ብሎም ፎቶውን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«እናንተ የዚህ ፏፏቴ ሰዎች ናችሁ?»

«ነን፣ ጌታዬ።»

«ይኼን በመሰለ ውሃ ሥር ተቀምጣችሁ ለእኔ ጭድ ታመጣላችሁ? ምን አድርጌያችሁ ነው የምትረግሙኝ?»

«እርግማን አይደለም ጌታዬ። ከዚህ ሌላ ሣር የለንም። ውሃው ከላይ ተጠልፎ ሊያልቅ ነው። ያ የሰቀሉት ፎቶ...»

«ፎቶው ምን ሆነ?»

«እንደዚያ አይደለም። ማለቴ፣ አሁን ቢያዩት እንደዚያ አይደለም።»

ናሁሰናይ ያን ቀን እዚያው ነበር፤ ከአገረ ገዥው ጋር ራት ተጋብዞ። ተጠርቶ ገባ። እትዬ የሻረግ ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ምስክር የመጣላቸው መስሏቸው ነው።

«ይኼ ፎቶ የየት ነው?» አለው አገረ ገዥው።

«የእነሱ ፏፏቴ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«የድሮ ነው?»

«አይደለም። ውሃው ከተጠለፈ በኋላ ያነሳሁት ነው።»

«የጨመርህበት ነገር አለ?»

ናሁሰናይ «የለም፣ ክቡርነትዎ» አለ።

እውነቱን ነው። ከዚህ የበለጠ እውነት፣ ከዚህም የበለጠ ሰው የጎዳ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ያህል ከፍተህ እንደተውከው ንገራቸው እንጂ!» አሉ እትዬ የሻረግ። «እባክህ ልጄ፣ ለእኔ እንደነገርከኝ ንገራቸው። ሌላ ምንም አልልህም።»

«ምን ማለቷ ነው?» ሲል አገረ ገዥው ወደ ናሁሰናይ ዞረ።

በዚያች ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር የአንድ መንደር ውሃ ማስመለስ ይችል ነበር። ናሁሰናይ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየ፤ ከሥሩ በወርቃማ ፊደል የተጻፈውን የገዛ ስሙንም አየ። ከዚያ «የሙያ ነገር ነው፣ ክቡርነትዎ። ለእሳቸው ማስረዳት ይከብዳል» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ።

መንደርተኞቹ በዘበኛ ተገፍተው ወጡ። አገረ ገዥው ክፉ ሰው ነበር አልልም። ማመን ደስ የሚለውን አመነ፤ ይህ ደግሞ ለክፋት ቅርብ ጎረቤት ነው። ብዙም ሳይቆይ ባለጸጋው የቀረውንም ውሃ ልጥለፍ ብሎ ሲለምን «ውሃውማ እንደምታየው ተርፎ እየፈሰሰ ነው» አለና ወደ ግድግዳው እያሳየ ፈቀደለት።

ወደ መንደር ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ሰዉ እትዬ የሻረግን አላናገራቸውም። በመጨረሻ አንዱ «እርጥቡን ይዘን ቢሆን ይሰሙን ነበር» አለ። እሳቸውም አልተከራከሩም። ፎቶውን የሰቀለው ሌላ፣ ያነሳው ሌላ፣ ውሃውን የጠለፈው ሌላ፤ ወቀሳው ግን ጭዱን በያዙት በእሳቸው ላይ ወደቀ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ናሁሰናይ አንድ ጊዜ ደግሞ መጣ። አገረ ገዥው ገና የተሻለ ፈልጎ ነበር። ባለጸጋው ከላይ የሚያስቆፍረው አዲስ ቦይ ሊያልቅ ተቃርቦ ከገደሉ የሚወርደው ውሃ ክር አክሏል። ናሁሰናይ ከሁሉም የጠቆረውን መስታወት ጋርዶ፣ ካሜራውን ከምንጊዜውም አስረዝሞ ከፍቶ ከጎኑ ተቀመጠ። የመንደሩ መውጫ መንገድ በፏፏቴው ግርጌ፣ በካሜራው ፊት ነው የሚያልፈው።

በዚያች ጠዋት መንደሩ እየለቀቀ ነበር። በሮቻቸውን ነቅለው በአህያ ጭነዋል፤ ዶሮዎቻቸውን በቅርጫት አንጠልጥለዋል፤ የታመመ ሽማግሌ በቃሬዛ ይዘዋል። «እህል ውሃችን አለቀ» ይባባሉ ነበር። ናሁሰናይን ሲያዩ ሰላም ያለው ሰው የለም፤ የሰደበውም የለም። እንደ ድንጋይ አለፉት። ከሁሉም በኋላ እትዬ የሻረግ መጡና አጠገቡ ቆሙ። እሳቸው ብቻ በራቸውን አልነቀሉም፤ በገመድ አስረውት ነው የወጡት።

«እያነሳህ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኛም እንወጣበታለን?»

አንገቱን ደፋ። «አትወጡም። ካሜራው ይህን ያህል ተከፍቶ ሲቆይ የሚሄድ ሰው አይታይበትም። የሚታየው ሳይነቃነቅ የቆመ ብቻ ነው። ከፈለጉ ትንሽ ቢቆሙልኝ...»

«ቆመንማ ነበር» አሉ እትዬ የሻረግ። «አገረ ገዥው ግቢ ቀኑን ሙሉ ቆመን ነበር። ያኔስ ማን አየን?»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ሰዎቻቸውን ተከትለው ሄዱ። ካሜራው ገና እንደተከፈተ ነበር። ናሁሰናይ ሊዘጋው ይችል ነበር፤ አልዘጋውም።

ፎቶው ሲወጣ ገደሉ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ለብሷል። ከግርጌው አህያ የለም፣ በር የለም፣ ቃሬዛ የለም፣ ሴትዮዋም የሉም። አንድ መንደር ሙሉ በካሜራው ፊት አልፎ ጥላው እንኳ አልቀረም። አገረ ገዥው እጁን አጨበጨበ። «ይኼ ነው የተሻለ! ሰው ያልደረሰበት፣ ንጹሕ ቦታ!» አለ። ከፎቶው ሥርም «ሰው ያልነካው ውበት» ተብሎ ተጻፈ። ይህም ተሸለመ።

በሚቀጥለው ዓመት ናሁሰናይ ሲሄድ ገደሉ ደርቆ ጠበቀው። ካሜራውን ከፍቶ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ ገደሉ ገደል ሆኖ ወጣ። ከምንም የሚሰበሰብ ነገር የለም። ፀሐዩ ሲጠናበትና ሲጠማው ልማድ ሆኖበት ወደ እትዬ የሻረግ ቤት ሄደ። በሩ እንደታሰረ ነው። «እትዬ!» ብሎ ተጣራ። መልስ እንደማያገኝ እያወቀ ደግሞ ተጣራ። ከዚያ ውሃ ጥሙን ይዞ የግማሽ ቀኑን መንገድ ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ የአምናው ፎቶ አሁንም እንደተሰቀለ ነው፤ እንግዶችም አሁንም ያደንቁታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ፣ ውሸት ማለት የሌለውን መጨመር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አልፎ አልፎ ጠብ ያለውን ሰብስቦ «ይኸው፣ ሙሉ ነው» ማለትም ውሸት ነው። እንዲያውም ከተራው ውሸት ይከፋል፤ የተራው ውሸታም ቢያንስ መዋሸቱን ያውቃል። ይህኛው ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም» ብሎ ይምላል፤ መሐላውም ሐሰት የለበትም። በዓመት አንዴ ደውለን «እናቴን መቼም ረስቻት አላውቅም» የምንል ልጆች እንዲህ ነን። ባንድ ወቅት የሠራነውን ደግ ሥራ ዕድሜ ልካችንን የምንለብስ ሰዎችም እንዲህ ነን። ለሚያየን እናምራለን። የተጠማ ግን የሚጠጣው የዛሬውን ውሃ ነው።

እናንተስ፣ የምታምኑት ከራሳችሁ በላይ የሰቀላችሁትን ፎቶ ነው ወይስ ደጃችሁ ቆሞ የዋለውን ሰው?